የምራቴ እንግሊዝኛ

ክንያዤቫትስ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2003 እ.ኤ.አ.

ልጄ ራዶዬ፣ ዓለሜ፣

የደብሊን ብርድ እንዴት አደረገህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ሁለቴ ወደቀች፤ ይበቃታል፣ ተዪያት» ያልከኝን አልረሳሁም። ኧረ ወዲያ! ሚስትህን ዴሳንካን አታውቃትም። አንተ ዘንድ መጥታ በነርስነት የምትቀጠረው ያን የእንግሊዝኛ ፈተና ካለፈች ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከሆስፒታል ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ደብተሯን ትገልጣለች። ወጥ ቤት ውስጥ የልብስ ገመድ ዘርግታ በየቀኑ አሥር ቃል በወረቀት ጽፋ ትሰቅላለች። ያወቀችው ይወርዳል፣ የሳተችው እዚያው ይሰነብታል። ቁስሉ፣ ምርኩዙ፣ ማደንዘዣው ሁሉ በእንግሊዝኛ አናቴ ላይ እየተወዛወዘ ነው ሾርባ የማማስለው። ሳልወድ በግዴ እኔም ተማርኩ!

የጣሏት ግን ትልልቆቹ ቃላት አይደሉም፤ እኛ ቋንቋ ውስጥ የሌሉት፣ ከስም ፊት የሚቀመጡት ሚጢጢዎቹ «ኤ» እና «ዘ» ናቸው። ለክረምቱ ቀይ ቃሪያ ጠብሰን ስንልጥ ጎረቤታችን ስቶያንካ «ያለ እነሱ ወልደን ድረን የለም እንዴ!» ብላ ሳቀችባት። ዴሳንካ እጇ እስከ ክርኗ ቀልቶ፣ «እትዬ፣ አንድ በሽተኛ መጣ ስል ማንም ሊሆን ይችላል፤ 'ኤ' እለዋለሁ። በሽተኛው ተኛ ስል ግን ያ የመጣው ነው፣ አውቀነዋል፤ 'ዘ' ይገባዋል። ካምታታሁት የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ልሰጥ ነው» አለቻት። እኔማ የወለድኳት እስኪመስለኝ ኮራሁ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገርህ። የሦስተኛውን ፈተና ውጤት ማክሰኞ ደውለው ነገሩኝ። እሷ ሥራ ላይ ነበረች፣ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አልፋለች! በደስታ አለቀስኩ። ስትመጣ ግን ትታኝ መሄዷ ታየኝ። «የደወለ ሰው አለ?» ስትለኝ «ማንም የለም» አልኳት። ረቡዕም እንደዚያው። ሐሙስ ጠዋት የወደቀች መስሏት ደብተሯን ከገጽ አንድ እንደ አዲስ ስትጀምር ሳይ አላስቻለኝም፤ ነገርኳት።

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አቅፋ ይዛኝ፣ «ሁለት ቀን ብቻ፣ እማማ? እኔ ብሆን ሳምንት ነበር የምደብቅብዎት» አለችኝ። ተላቀስን።

የዛሬ ሳምንት ትነሳለች። ቀድመህ ደርሰህ ጠብቃት፣ ሻንጣዋንም አንተ ተሸከም። ተዪያት ማለትህን አልነገርኳትም፤ አንተም አትንገራት።

እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቃችሁ፣ ማዕዳችሁን ይባርክ። ለእኔ አታስቡ። ቤቱ ጭር ሲልብኝ ሬዲዮውን ከፍ አደርገዋለሁ።

እናትህ ሚሉንካ