ፊትህ የታየበት ፒን

ውድ ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጭነት መኪና ሞተር ተነስቷል፤ ሹፌሩም “እህት ዓለም፣ ጨርሺ እንጂ” እያለ ይወተውተኛል። ስለቸኮልኩ በጽሑፌ ብትስቅ አልቀየምህም። ብቻ ይህን ሳታነብ ነገ ጠዋት ክሬኑ ላይ እንዳትወጣ።

የላክኸውን ፎቶ ዛሬ አየሁት። ክሬኑ ለሰርቪስ ቆሞ ሳለ የመቀመጫ ክፍልህን ከክንዱ ጋር የሚይዘውን ፒን፣ ያን ወፍራም የብረት ዘንግ፣ አውጥተህ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገኸዋል። “ፊቴ እስኪታይ ወለወልኩት፤ ምን ዓይነት ፈንጣጣም ነው የላክሽልኝ?” ብለሃል። ልጅ ሆነህም ጫማህን ሳትወለውል ከቤት አትወጣም ነበርና መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ቶሎ ብዬ ደወልኩልህ።

ወንድም ዓለም፣ ያ ፈንጣጣ የእኔ ሥራ ነው። ብረት የሚሰነጠቀው ከላዩ ጀምሮ ነው፤ ጭነቱ ሲስበው፣ እዚያ ባለህበት የባሕሩ ጨው ሲበላው፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትወጣለች። እኛ በወርክሾፓችን ጥቃቅን የብረት እንክብሎች በኃይል እንረጭበታለን። ላዩ ተቀጥቅጦ ይጠነክራል፣ ስንጥቋም መግቢያ ታጣለች። አንተ ፈግፍገህ የጣልከው ያን የጠነከረ ገጽ ነው። ቅንድብ ሊኩሉ ዓይን ማጥፋት ማለት ይኸው ነው።

ስልክህ ዝግ ነው። አለቃህ ጋ ብደውል ሳቀብኝ። “ከአዲስ ይበልጣል እኮ፣ ምን ሆነሽ ነው?” አለኝ። እንደዚያ የሚያበራ ፒን አንድ ደንበኛ ለሁለት ተከፍሎ አምጥቶልን ያውቃል። ሳይጎብጥ፣ ድምፅ ሳያሰማ ነው የተሰበረው አለን። ከሥሩ ማን ቆሞ እንደነበረ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

እማዬ ደውላ “ድምፅሽ ምን ነካው?” ስትለኝ ጉንፋን ነው አልኳት። ፍርሃት ነው እንጂ።

ከዚህ ጋር ሌላ ፒን ልኬልሃለሁ፤ ራሴ ነኝ የሠራሁት። አስቀያሚ ነው። ሹፌሩ እንኳ “ይሄን ደግሞ ማን ይገዛዋል?” ብሏል። ቅባት ቀብተህ ግጠመው፣ ሌላ ምንም እንዳታደርገው። እጅህን ከበላህ ጫማህን ወልውል። የሚያበራውን ለሹፌሩ ስጠው፤ ሳይቀበልህ እንዳይመለስ አስጠንቅቄዋለሁ። አለቃህ ፒኑ አይቀየርም ካለ ደግሞ “እህቴ ታማለች” በልና ና። ውሸት አይሆንብህም።

ፊትህን ብረት ላይ አይደለም፣ በራችን ላይ ነው ማየት የምፈልገው። ፒኑን እንደቀየርክ ደውልልኝ። እስከዚያ ስልኩን ከእጄ አላስቀምጥም።

እህትህ