የበርበሬው ዳስ

ሰኔ 5 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ቡሬ

ደብተሬ፣ ለሰው የማይነገር አሳፋሪ ነገር ሠርቻለሁ። በግንቦቱ የማርያም ማኅበር ላይ የገዛ ባሌን ለሴቶቹ መሳቂያ አደረግሁት። «የድሬዳዋው ልጅ ለበርበሬ ችግኝ የሠርግ ዳስ ጣለለት» አልኩና አብሬ ሳቅሁ።

በእኛ አገር ችግኝ ብቅ ሲል የሸፈነው ሣር ይነሳለታል፤ ዝናቡ ያጠነክረዋል። ባሌ ዮናስ ግን በእንጨትና በሣር ጥላ ሠርቶለት አላነሳም አለ። ወላጅ አባቴ፣ አባባ፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ ቡሬ ነው፤ ሰማዩ ወዳጃችን ነው» ቢሉትም አልሰማም። ማሳውን እሳቸው የሰጡን ለዚህ ክረምት ብቻ ነው፤ ካልሆነልን ወደ ድሬ መመለሳችን ነው። ስጨቀጭቀው፣ «አቦ፣ እኔ ባደግሁበት ሰማይ አይታመንም። ወይ ያቃጥልሻል፣ ወይ ጎርፍ ይልክብሻል» አለኝ። እኛን ቀይ አፈርና ዝናብ አቀማጥሎናል፤ ምን እናውቃለን?

ዛሬ ከቀትር በኋላ በረዶ ወረደ። የጎረቤቱ የችግኝ መደብ ሁሉ ድምጥማጡ ጠፋ፤ የአባባም ጭምር። የዮናስ ዳስ ጎበጠ እንጂ ችግኙ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አባባ ጎንበስ ብለው አዩና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «በል አማቼ፣ ለዚህ ሠርግ እኔንም ጥራኝ» አሉት።

ለካ ወሬዬ እሳቸውም ጋ ደርሷል!

«አባባ፣ ደጋሹ እርስዎ ነዎት» ብሎ መጀመሪያ ለእሳቸው ችግኝ ነቀለላቸው። ያን ጊዜ እፍረቴን ረስቼ ደረቴን ነፋሁ።

ሰኔ 21 ማኅበሩ ሲሰበሰብ ያንኑ ወሬ ከነመጨረሻው እነግራቸዋለሁ። ማን እንደሳቀና ማን ችግኝ እንደለመነ እዚሁ እጽፈዋለሁ።