ነጭ ብቻ እንድንሰቅል ላዘዙን ሊቀመንበር

ለተከበሩ የሕንጻችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የገና ጌጥ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም የምድር ቤቱ ዕቃ ክፍል ብቸኛ ቁልፍ ያዥ፤

ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ? ወገብዎስ? ደም ግፊትዎስ? ድምፅዎ ደህና መሆኑን እንኳ በየማለዳው አራተኛ ፎቅ ድረስ ስለምንሰማው መጠየቅ አላስፈለገኝም። እኔ የአራተኛ ፎቁ ልብስ ሰፊ የልጅ ልጅ፣ ሕንጻው በሙሉ «መርፌ» እያለ የሚጠራኝ፣ ደህና ነኝ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ኅሊናዬን የሚቆጠቁጠኝን አንድ ኃጢአት በአደባባይ ልናዘዝ። በመግቢያው አዳራሽ ካቆሙት የጥጥ በረዶ ሰው ጀርባ ላይ ሁለት ቁራጭ ጥጥ የቆነጠርኩት እኔ ነኝ፤ ዘበኛውን ሦስት ቀን ሙሉ ያፋጠጡት በከንቱ ነው። ያለፈው እሁድ ስብሰባ ላይ ንግግርዎን ሊጀምሩ ጉሮሮዎን ሲጠርጉ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ጆሮዬ ወትፌ አንድ ሰዓት ከሩብ በፍጹም ሰላም ተቀምጫለሁ። ጥጡን ወደ ቦታው መልሻለሁ። ትንሽ ቢጫ ቢያደርገውም፣ ዘንድሮ ካሰቀሏቸው አምፖሎች ከግማሾቹ ጋር ስለሚመሳሰል አያሳፍርዎትም።

አሁን ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ «ለገና ከውጭ የሚታይ ጌጥ ሁሉ ነጭ ብቻ ይሁን፤ ነጭ የጨዋ ሰው ቀለም ነው» ብለው ስለወሰኑልን እናመሰግናለን። እኛ ምስኪኖች አንዳችን አረንጓዴ፣ አንዳችን ሰማያዊ፣ የሁለተኛ ፎቋ ነርስ ደግሞ ብልጭ ድርግም የሚል ወይን ጠጅ እየሰቀልን፣ ስንቱን ገና ጨዋ ሳንሆን አሳለፍነው! እንደ እርስዎ ያለ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር የሌለው ሕንጻ ምን ይውጠዋል? በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የሦስተኛ ፎቁ ጥርስ ሐኪም «ለምን ድምፅ አንሰጥበትም?» ብሎ እጁን ሲያወጣ፣ «እጅህን አውርድ፣ ስትጠየቅ ትመልሳለህ» ያሉትም ሁላችንንም ወደ ልጅነታችን መልሶናል። ሐኪሙ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። እጁን አወረደ።

ሁለተኛ፦ ነጩን አምፖል ከሦስት ሱቅ ስለገዙልን እናመሰግናለን። አያቴ አርባ ስድስት ዓመት የሙሽራ ቀሚስ ሲሰፋ፣ ከቀለም ሁሉ ለማዛመድ የሚያስቸግረው ነጭ መሆኑን በጣቱም በዓይኑም ያውቀዋል፤ «ጥቁር ይቅር ባይ ነው፣ ነጭ ግን ቂመኛ ነው» ይላል። ስለዚህም እማዬን «ሁሉንም ከአንድ ሱቅ ይግዙ፣ ጎን ለጎን አብርተው ይዩት በያቸው» ብሎ ላካት። እርስዎም «ነጭ ነጭ ነው እህቴ፤ ልብስ አይደለም የምንሰፋው» ብለው መለሷት። ይኸው ዛሬ አንደኛ ፎቅ ወተት፣ ሁለተኛ ፎቅ የሬሳ ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ የሲጋራ አጫሽ ጣት ሆኗል። ሕንጻችን ከአውቶቡስ ፌርማታው ሲታይ፣ ጥርሱን በሕይወቱ ፍቆ የማያውቅ ሰው አፉን ከፍቶ የሚስቅ ይመስላል። ሐኪሙ ከሥራ ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ረዘም ስለሚል፣ ቆመው ከሆነ የሚያነቡት ግድግዳውን ደገፍ ይበሉ።

በእኛ ቤት የገናን ቀለም የሚመርጠው አያቴ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሰፋቸው ልብሶች የተረፈውን ቁርጥራጭ ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፍና፣ እያገላበጠ፣ እየዳሰሰ፣ አንዱን ብድግ አድርጎ «የዘንድሮው ይሄ ነው» ይላል፤ ቤቱም በዚያ ቀለም ያጌጣል። እማዬና አባቴ በተለያዩበት ዓመት ዓይን የሚወጋ ብርቱካናማ መረጠ። እማዬ «ምነው አባዬ፣ ሰው ምን ይለኛል?» ስትለው፣ «ግራጫውን ሰው ራሱ ያመጣልሻል፤ አንቺ ይሄን ያዢ» አላት።

ዘንድሮ ቁርጥራጩን ዘርግፎ፣ አረንጓዴውን አለፈው፣ ሰማያዊውን አለፈው፣ ቢጫውንም አለፈውና «ማን ነው ጨርቄ ላይ አመድ የደፋው?» አለ። ቀዩን ብቻ አነሳ። ዓይኑን የምታክመው ሐኪም፣ ብርሃኑ እየጠፋ መሆኑን፣ ከቀለም ሁሉ የቀረለት ቀይ ብቻ መሆኑን፣ እሱም ከበዓሉ የሚያልፍ እንደማይመስላት ለእማዬ ነገረቻት። እማዬ በዚያው ዕለት ሁለት ገመድ ቀይ አምፖል ገዝታ መጣች፤ እኔም ከወንበሩ ፊት ለፊት ባለው መስኮት ላይ ሰቀልኩት። አያቴ ወንበሩን አስጠግቶ አንድ በአንድ አያቸውና «ከላይ ሦስተኛዋ አዘንብላለች፣ አቅኛት» አለኝ። በቤታችን ውስጥ እንደዚያን ቀን ተደስቼ ነቀፋ ተቀብዬ አላውቅም።

በማግስቱ እርስዎ ቀዩን ሊያስወርዱ ዘበኛውንና መሰላሉን አስከትለው ከተፍ አሉ። እኔ አያቴ እንዳይሰማ ወደ ደረጃው ወጥቼ፣ በሹክሹክታ፣ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳሁዎት። እርስዎ ግን በክፍል መቆጣጠሪያ ድምፅዎ «ለማያይ ሰው ነጭ ሆነ ቀይ፣ ምን ለውጥ አለው?» አሉ።

ለቅንነትዎ እናመሰግናለን። የአያቴ ጆሮ ጤነኛ ነው። ከወንበሩ ሳይነሳ «ስጫቸው መርፌ፤ ሽማግሌ ደጅ አይቆምም» አለኝ፣ ሰጠሁዎት። እማዬ ሌላ ገዝታ ጓዳ ውስጥ ልታበራለት ብትል ደግሞ «በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ተደብቄ አላበራም» ብሎ እምቢ አላት። ስለዚህ ቀይ አምፖሎቻችን «ከበዓሉ በኋላ ተመላሽ» የሚል ፊርማዎ ያረፈበት ወረቀት ተለጥፎባቸው ምድር ቤት ተቆለፉ። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀናቸው ነው።

አራተኛ፦ ትናንት ጠዋት ቀይ የክር ጥቅልል አምጥቼ አያቴ እጅ ላይ አስቀመጥኩ። ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ አርቆ አየውና «ምን ዓይነት ቀለም ነው ያመጣሽልኝ?» አለኝ።

አምፖሎቹን ይመልሱልን ብዬ አላስቸግርዎትም። እዚያው ይቀመጡ፤ ወረቀትዎም እንዳይነሳ። ልመናዬ ሌላ ነው። አያቴ አሁን በየቀኑ «ሰው ምን ሰቀለ? ንገሪኝ» ይላል። እማዬ መናገር ስትጀምር ድምፅዋ ይቆረጣል፤ እኔ ደግሞ ምላሴ ለስድብ እንጂ ለዚህ አልተሠራም። ቀለሙን የመረጡት እርስዎ ነዎትና፣ መጥተው ከጎኑ ይቀመጡና ነጩን ይንገሩት። «የትኛው ነጭ?» ብሎ ይጠይቅዎታል፤ የጨው ነው? የአጥንት ነው? የወተት ነው? እሱ አይቸኩልም፣ ጊዜ ሞልቶታል። እባክዎ «ነጭ ነጭ ነው» አይበሉት፤ አርባ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ነው።

ፀጉርዎ እንደ ደንብዎ የሚነጣበት፣ የኮሚቴዎ ማኅተም ቀለም የማያልቅበት፣ ከእርስዎ በስተቀር ማንም እጁን የማያወጣበት ረጅም የሊቀመንበርነት ዘመን እየተመኘሁ፣ ወገቤ እስኪያመኝ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣ የልብስ ሰፊው የልጅ ልጅ መርፌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከመለጠፌ በፊት ለአያቴ አንብቤለት አራት ስድብ አሰርዞኛል። እሱ ምስጢር ጠባቂ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የሱሪዎን ወገብ ሦስት ጊዜ ሲያሰፋልዎት ለማንም ትንፍሽ አላለም። እኔ ግን ሜትሩን የያዝኩት ልጅ ነኝና፣ ለነዋሪው ግልጽነት ሲባል የመጨረሻው ልክ አንድ ሜትር ከሃያ

ይቅርታ፣ ሰሌዳው ፊት ቆሜ እስክሪብቶዬን ሳላነሳ ከበስተኋላዬ የእርስዎ ድምፅ መጣ፤ «አንቺ መርፌ! ምንድን ነው እዚያ የምትሞነጫጭሪው?» እያሉኝ ነው። እንኳን ደህና መጡ ጋሼ። አንብበው ሲጨርሱ አብረን እንወጣለን፤ አያቴ ነቅቷል።