ለአሥራ አንዱ አንዶች አካፋይ ተገኘላቸው

ይድረስ ለወንድሜ ለፍሰሐ፤

እንደምን ከርመሃል? የጎባ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ያ የሚያስቸግርህ ጉልበት ተሻለው? ፀሐይቱስ፣ ልጆቹስ፣ ከብቶቹስ ደህና ናቸው? እኛ በልደታ ማርያም ጥበቃ ሁላችንም ደህና ነን። የእኔም ጤና ከዕድሜዬ ይሻላል። ይህን የምጽፍልህ ግን ከደስታ የተነሳ ነውና ተቀምጠህ አንብበው።

ቁጥሩ ተካፈለ! በእናታችን ተዝካር ዕለት የተከራከርንበት፣ አሥራ አንድ አንዶች ጎን ለጎን የቆሙበት 11111111111። አንተ «ይሄ እንደ አንተ ግትር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም» ብለህ በሰው ፊት ሳቅህብኝ። እኔ «አለው» አልኩህ። «አካፋዩን ያገኘህ ዕለት ቤተሰቤን ይዤ ለግንቦት ልደታ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ና እያልክ አትጨቅጭቀኝ» ብለህ በእናታችን ስም ማልክ። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጥክም። እኔም ታላቅ ነኝና አልለመንኩህም፤ ቁጥሩን ግን አልተውኩትም።

መንገዱን ያገኘሁት ከትንንሾቹ ነው። አምስት አንዶችን የሚያካፍሉት 41 እና 271 ናቸው፤ ከእያንዳንዳቸው አንድ ብትቀንስ የቀረው ለአምስት ይካፈላል። ሰባት አንዶችን የሚያካፍሉት 239 እና 4649 ናቸው፤ ከእነሱም አንድ ብትቀንስ የቀረው ለሰባት ይካፈላል። ታዲያ አሥራ አንዱ አንዶች ከዚህ ሕግ በምን ይወጣሉ አልኩና፣ አንድ ሲቀነስ ለአሥራ አንድ የሚካፈሉትን ቁጥሮች ብቻ እየመረጥኩ መሞከር ጀመርኩ። የጌጃ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ ከሊፋ የሲሚንቶ ከረጢት እየቀደደ ወረቀት ያቀርብልኛል፤ «ጋሽ ደጉ፣ ይሄ ቁጥር ሳይካፈል እርስዎን ይቀብርዎታል» እያለም ያሾፍብኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ የ21649 ተራ ደረሰ። አካፈልኩት፤ ቀሪ የለም! ዓይኔን አላመንኩም፤ እንደገና አካፈልኩ። ድርሻው 513239 ሆነ። እደጃችን ተቀምጦ ይሰፋ የነበረው ከሊፋ መቀሱን አስቀምጦ ሁለቱን አባዛቸው። አንዶቹ ከቀኝ ወደ ግራ እየተሰለፉ ሲወጡ ሹፈቱ ጠፋበት፤ መጨረሻ ላይ «ወላሂ አንዷም አልጎደለች!» ብሎ ጮኸ። ባለቤቴ ወለተሰንበት እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቱ ሰው የተወለደ መስሎት ግልብጥ ብሎ መጣና «ምን ተወለደ?» ሲለኝ «መንታ!» አልኩ። አንዲት ባልቴት ወለተሰንበትን አየት አድርገው «በዚህ ዕድሜሽ?» ብለው አማተቡ። እኔ እንዲያ ስስቅ ሰፈሩ አይቶኝ አያውቅም።

እንግዲህ ማምለጫ የለህም። ራስህ አባዝተህ እይ። «ሁለቱስ ራሳቸው ይካፈላሉ ወይ?» ብለህ ነገር እንዳታስረዝም፤ ይህ በውላችን ውስጥ የለም። ቢሆንም ፈትሻቸዋለሁ፤ እነሱስ እውነትም ግትሮች ናቸው። ከቀበሌህ የይለፍ ወረቀቱን ከአሁኑ አስወጣ፤ የጉዞህን ምክንያት ከጠየቁህ «ወንድሜ ረታኝ» በላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ። ቁጥሩ እስከ ፋሲካ ባይካፈልልኝ ኖሮ፣ ሳልረታህም ቢሆን እኔው ልመጣ ለወለተሰንበት ነግሬያት ነበር። አሁን ግን መምጣቱ ያንተ ነው።

ፀሐይቱን በብርቱ ሰላም በልልኝ። ወለተሃናን ግንባሯን ሳምልኝ፤ ታናናሾቿንም እንዲሁ። ለተዝካሩ አብሮህ መጥቶ መሐላህን የሰማውን ጎረቤትህን ኦልጅራንም ሰላም በልልኝ፤ ምስክር ነውና ይዘኸው ና። ወለተሰንበት ሁላችሁንም ናፍቃለች።

ታላቅ ወንድምህ ደጉ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 16 ቀን 1974 ዓ.ም.