ፀጉሬን ማን ይሥራኝ?

መስከረም 18
ራሴን በላኝ። ልጄ ሲና ከሰዓት ስትተኛ እማዬ የሠራችኝን ሹሩባ ፈታሁት። ሃያ ቀን ሞልቶት ነበር... ጳጉሜን 3 ወደ አገሯ ዘመሮ ከመሄዷ በፊት በር ላይ አስቀምጣ የሠራችኝ። ከርዳዳ ፀጉር ሲፈታ መቼም ያው ነው፣ ራሴ ሁለት እጥፍ ሆነ። ማበጠሪያውን ሳስገባ እንዴት ደስ አለኝ!
ባለቤቴ ምንይሉ ከትምህርት ቤት አስተምሮ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።
"ፈታሽው?"
"በላኝ። እማዬ መጥታ እንደ አዲስ ትሠራኛለች።"
ተመልሶ ወጣ። በግ የጠፋበት ይመስል ግቢውን ሲዞር ቆየ። ይሄ ሰው ምን ነካው?
የሲና ክርስትና ጥቅምት 25 ነው፣ ሰማንያዋ። እማዬ ክርስትናው ሳምንት ሲቀረው እመጣለሁ ብላለች። "ተጎንጉነሽ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትገቢው" ነበር ያለችኝ። እጠብቃለሁ።

መስከረም 22
የእማዬ ስልክ ዛሬም ዝግ። አባዬ ጋ ደወልኩ።
"ጠበል ገብታለች ልጄ። ለእግሯ። እዚያ ስልክ አይፈቀድም።"
"እግሯን አሟት ያውቃል እንዴ?"
"ጀመራት።"
"መቼ ትወጣለች?"
"ሲበቃት።"
ድምፃቸው ጎርንኗል። ጉንፋን ነው አሉ። እማዬ ደግሞ ሳትነግረኝ ጠበል መግባቷ... አኮረፍኩ። ስትመጣ እነግራታለሁ።

መስከረም 29
ትራስ ላይ ፀጉር። ማበጠሪያ ላይ ፀጉር። ገንፎው ውስጥም ፀጉር። እትዬ ዓለሚቱ "የአራስ ፀጉር ነው፣ ይረግፋል፣ ይተካል" ይላሉ። የምንይሉ እናት ናቸው፣ እማዬ ከሄደች ጀምሮ እሳቸው ናቸው የሚያርሱኝ። ስለ ሁሉም ነገር መልስ አላቸው።

ጥቅምት 3
ፀጉሬን ምን ላድርገው? ሲና እጇን ታስገባና ማውጣት ያቅታታል፣ ሁለታችንም እንጮኻለን። ሻሽ ባስር ይንሸራተታል። ጎፈሬ አድርጌ ልተወው ብል በጥቅምት ብርድ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ እርጥብ ራስ ይዞ መዋል ነው። ልተኮስ? ሙቀቱ ያለኝንም ይጨርሰዋል፣ ደግሞ አንድ ቀን ጉም ካገኘው ተጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሹሩባ ብቻ ነው መላው። ወደ ኋላ የተጋደመ፣ ጭራው ወደ ውስጥ የገባ።
እማዬ እስክትመጣ ሰብሊ ትሥራኝ አልኩ። ሰብሊ የዘመሮ ልጅ ናት፣ አብረን ነው ያደግነው። አሁን መናኸሪያው አጠገብ ፀጉር ቤት ከፍታለች።
"ሰብሊ ጋ ደረስ ብዬ ልምጣ?" አልኳቸው እትዬ ዓለሚቱን።
"አራስ ሹሩባ ከተሠራች ጡቷ ይደርቃል።"
ይህን ደግሞ ከየት አመጡት? እማዬ የሠራችኝ በሃያ ምናምን ቀኔ አይደል? እሳቸውም አጠገባችን ተቀምጠው ይስቁ አልነበር? ነጠላዬን መልሼ ሰቀልኩ። አማት ናቸው።

ጥቅምት 9
ሲና ከጠዋት ጀምራ አለቀሰች። ጡት አልያዝ አለች። እትዬ ዓለሚቱ ሆዷን አሹላት፣ ቁርጠት ነው አሉ፣ ቀጥለው ዓይን ነው አሉ። እኔ ልብሷን ልቀይር ካልሲዋን ሳወልቅ... የግራ እግሯ ሁለተኛ ጣት አብጣ ተወጥራለች፣ ጫፏ ጠቁሯል። የሆነ ነገር የነከሳት መሰለኝ። አቅፌያት ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ነጠላ እንኳ አልደረብኩም።
ነርሷ አምፖሉን ወደ እግሯ ጎትታ ብዙ ካየች በኋላ "ፀጉር ነው" አለች።
የእኔ ፀጉር። አንዲት ዘለላ። ካልሲዋ ውስጥ ገብታ ጣቷ ላይ ሦስት ዙር ተጠምጥማ፣ ሥጋዋ ውስጥ ሰምጣ። በቀጭን መቀስ ስትፈልጋት ሲናን እኔ ነኝ የያዝኳት። ጮኸች። ከዚያ ጣቷ ቀስ እያለች ቀላች። እኔም ያኔ ተነፈስኩ።
"እስከ ማታ ብትቆዪ ስለ ጣቷ እርግጠኛ አልሆንም ነበር" አለች ነርሷ። "ይሄን ፀጉር ወይ ተሠሪው ወይ ቁረጪው።"
እማዬን ከእንግዲህ አልጠብቅም። ጡት ደረቀም አልደረቀም ነገ ሰብሊ ጋ እሄዳለሁ።

ጥቅምት 10
ልጻፈው። ካልጻፍኩት አላምነውም።
ሰብሊ ስታየኝ ደነገጠች። ስለ ሲና ጣት ስነግራት አስቀመጠችኝ። ቅባት ቀባች፣ ፀጉሬን ከፋፈለች፣ የመጀመሪያውን መስመር ጀመረች። ግማሽ ላይ እጇ ቆመ። በመስታወት አየኋት፣ ታለቅሳለች።
"ምን ሆንሽ?"
"ቅባቱ ዓይኔ ገባ።"
"ሰብሊ።"
"ከክርስትናው በኋላ ነይ እሺ? አሁን ሻሹን ጥብቅ አድርጌ ልሰርልሽ።"
"የልጄን ጣት ነገርኩሽ እኮ!"
"አውቃለሁ... እኔ እጄ እሺ አይለኝም። አንቺን አሁን ሹሩባ ብሠራሽ ነውር ነው።"
አጠገቤ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።
ሴትን ሹሩባ መሥራት ነውር የሚሆነው መቼ ነው? በአገራችን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሐዘን ላይ ስትሆን።
ሰብሊን አልጠየቅኳትም። መንገዱን እንዴት እንደመጣሁ አላውቅም። ምንይሉ ደብተር እያረመ ነበር።
"እማዬ ሞታለች?"
ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጠ። አልጋው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ጥቅምት 14
የሞተችው መስከረም 9 ነው። ደም ግፊት ነበረባት፣ በር ላይ ወደቀች። ሐኪም ቤት አልደረሰችም።
ምንይሉ "ደብረ ብርሃን ስልጠና አለኝ" ብሎ ሁለት ቀን የጠፋው ለቀብሯ ነው። እትዬ ዓለሚቱም "የአክስቴ ልጅ ተዝካር አለብኝ" ብለው የሄዱት እዚያው ነው። ከተማው ሁሉ ያውቃል። ፀጉር ቤት ተራ የሚጠብቅ ሰው እንኳ ያውቃል። እኔ ግን አኩርፌያት ነበር...
በተቀበረች በሳምንቷ ሹሩባዋን ፈታሁት። የእጇን መጨረሻ። እያንጎራጎርኩ ነው የፈታሁት።
ሰዉ እየመጣ ይቀመጣል። አንዳንዱ ከእናቴ ሞት ይልቅ መርዶው መበላሸቱ የከነከነው ይመስላል። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በወጉ ሊያረዱኝ ነበር፣ ክርስትናው ካለፈ በኋላ። "ወተትሽ እንዳይነጥፍ ብለን ነው" ይላሉ ሁሉም። አንድ ዓይነት ቃል።
ወጉን አውቀዋለሁ። አምና የሥራ ባልደረባዬ አብነት አራስ ሳለች አባቷ ሲሞት እኔም ደብቄያታለሁ። ቤቷ ሄጄ እየሳቅኩ ገንፎ በልቻለሁ። "አባቴ ስልክ አያነሳም" ስትለኝ "ኔትወርክ ይሆናል" ያልኳት እኔ ነኝ። ያኔ ደግ ሥራ መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት 17
አባዬ ከዘመሮ መጡ። አቅፈውኝ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ስለ ጠበሉ ምንም አላነሳንም።
ሴቶቹ ደግሞ ፀጉሬን ያዙ። አንዷ "የሞተችው እናቷ ናት፣ ትላጭ" ትላለች። ሌላዋ "ሳይበጠር ይፈታ፣ ወጉ ይሄ ነው" ትላለች። እትዬ ዓለሚቱ "የተላጨች እናት ክርስትና ላይ አትታይም፣ ሟርት ነው፣ እስከ ሃያ አምስት ይቆይ" ይላሉ። እንዲሁ ተፈትቶ ይቆይ? ዛሬም ሲናን ሳጠባ ሁለት ዘለላ ከአንገቷ ላይ አነሳሁ። ጣት ብቻ ሳይሆን አንገትም እኮ አላት!
ተነስቼ መቀሱን አመጣሁና ለእትዬ ዓለሚቱ ሰጠኋቸው።
"እርስዎ ይቁረጡኝ።"
"እኔ?"
"እርስዎ። እስከ ሥሩ። እየቆረጡ ደግሞ የምጠይቅዎትን ሁሉ ይንገሩኝ። ሳይደብቁ።"
ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ገለል አሉ። እጃቸው ከብዷቸው ነበር፣ ግን ቆረጡ።
"እማዬን ማን አጠባት?"
"እኔ ነኝ። ከጎረቤቷ ጋር።"
"ምን ለብሳ ነበር?"
"ለእንቁጣጣሽ የላክሽላትን ቀሚስ። አራት ጓደኞቿን ጠርታ አሳይታለች አሉ። አላወለቀችውም ነበር።"
"ሲያዩዋት... ፊቷ?"
"ሰላም ነበር። አልዋሽሽም። የተኛች ነው የምትመስል።"
"ፀጉሯስ?"
መቀሱ ቆመ።
"አጥቤ አበጠርኩላት። እኔ እንደሷ ሹሩባ አልችልም ልጄ። ሁለት አድርጌ ጎነጎንኩላት። አላማረም።"
አለቀስኩ። ከመርዶው ወዲህ ገና አሁን በደንብ አለቀስኩ። እሳቸውም ከኋላዬ። ፀጉሬ ጭኔ ላይ ክምር ነበር።
ቆይተው፣ ሳልጠይቃቸው፣ ተናገሩ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ወልደው በወራቸው የወንድማቸውን ሞት አረዷቸው። ወተታቸው ነጠፈ። ያን ጊዜ የሚገዛ ወተት የለ፣ ጤና ጣቢያ የለ። ልጁ አርባውን አላየም።
"ምንይሉ ሁለተኛዬ ነው። አያውቅም። ሲናን ባየሁ ቁጥር ያ ልጅ ነው የሚታየኝ። ለዚህ ነው የጠበሉን ነገር የፈጠርኩት። ያስባልኳቸው እኔ ነኝ፣ አባትሽን አትቀየሚ።"
ይቅር አልኳቸው? እንጃ። ቀብሯን ቀምተውኛል። ተቆጥቻለሁ፣ ነገም ሳልቆጣ አልቀርም። ግን እናቴን ያጠቧት እነዚህ እጆች ናቸው። መቀሱ ጆሮዬን ሲነካኝ ይሄን ነበር የማስበው።

ጥቅምት 18
ራሴ ቀለለኝ፣ በረደኝ። ወተቴ ቀንሷል፣ አልነጠፈም። እትዬ ዓለሚቱ በየሰዓቱ አጥሚት ያጠጡኛል። "ወተቱ ይበቃታል?" ሲሉኝ "ይበቃታል" እላለሁ። የሚጠይቁት ስለዚያ ልጅም ጭምር እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ጥቅምት 25
ሲና ዛሬ ክርስትና ተነሳች። ውሃው ሲነካት አንድ ጊዜ ጮኻ ዝም አለች። ጣቷ ላይ ቀጭን ምልክት ቀርቷል።
ከጥቁሩ ቀሚሴ ላይ ነጭ ነጠላ ደረብኩ። ሟርት ነው ያሉት ሁሉ ራሴን አዩ።
ስንወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ እማሆይ ወለተኪዳን ተቀምጠዋል። የዘመሮ ሰው ናቸው፣ ከእማዬ ጋር ማኅበር ይጠጡ ነበር። መንኩሰው እዚህ ከመጡ ቆይተዋል። ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ነው ያወቁኝ።
"የወሰኔ ልጅ አይደለሽም? እሰይ፣ እሰይ! እናትሽስ? ዛሬ ሳትመጣ ትቀራለች? እስቲ አቅርቢልኝ።"
ሴቶቹ ተያዩ። ማንም አልነገራቸውም፣ አርጅተዋል፣ አይችሉትም ተብሎ ይሆናል። አንዷ ቀደም ብላ "እሷ እንኳ እማሆይ፣ ጠበል..." ስትል እትዬ ዓለሚቱ ክንዷን ያዝ አደረጓት። ሁሉም እኔን አዩ።
ሲናን ለምንይሉ ሰጠሁትና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።
"ሞታለች እማሆይ። መስከረም 9 ነው። ዘመሮ ተቀብራለች።"
አላመኑኝም። እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ፈለጉ፣ ከዚያ በነጠላዬ ሥር ራሴን። የተከረከመውን ራሴን ከፊት እስከ ማጅራቴ ዳሰሱት። ያኔ አመኑ።
"ወይኔ ወሰኔ!" ብለው ጮኹ። እኔ ዘንድ ደርሶ የማያውቅ ጩኸት። መስከረም ላይ ዘመሮ የተጮኸው፣ እኔ ያልሰማሁት።
አቀፍኳቸው። እሳቸው አለቀሱ፣ እኔ አጽናናሁ። ስለ ቀሚሷ ነገርኳቸው፣ ማን እንዳጠባት፣ ፊቷ እንዴት እንደነበር፣ ፀጉሯ ሁለት ተደርጎ እንደተጎነጎነ። ሁሉንም። እዚያ እንደነበርኩ ሆኜ።
እማዬን የቀበርኳት ዛሬ ነው።