አርባ እርምጃ ወደ ላይ

ናዝሬት፣ ነሐሴ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ ፈይሳ፣ ከፊትህ እሾህ የሚነቅል አምላክ በሄድክበት ሁሉ ይቅደምልህ። እኛ ደህና ነን። አባትህን ሳሉ ለቆታል። የወዳጄ የቀመሪያ ልጅ አገባች።

ለትምህርት ቤቱ በላክኸው ንድፍ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው ተሠርቶ አለቀ። ግን አንተ በንድፉ ላይ ምልክት ባደረግህበት ቦታ አይደለም፤ እንዳትቀየመን። አባትህ ቆፋሪዎች ይዞ ሲመጣ ጎረቤታችን አሮጊቷ አኮ ሎሚ ቦታው ላይ ተቀምጠው አልነሳም አሉ።

«በአባቴ ጊዜ ይህ መሬት በክረምት ተሰንጥቆ በሬ ውጧል። ልጆች እዚህ ውሃ አይቀዱም» አሉ።

«ታዲያ ልጄ ኪየቭ የተማረው በከንቱ ነው?» ብሎ አባትህ ተቆጣ። እኔም በአንተ ሥራ መግባት ከበደኝ። ግን የልጆቹ ነገር አስጨነቀኝና «አርባ እርምጃ ወደ ላይ ብናደርገውስ?» አልኩት። እያጉረመረመ እሺ አለ።

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ሲያባራ፣ አንተ ምልክት ያደረግህበት መሬት ከዳር እስከ ዳር ተተርትሮ አገኘነው። አባትህ ሄዶ የአኮ ሎሚን ጉልበት ሳመ። ማጠራቀሚያህ ጠብታ አያፈስም፤ ልጆቹ እየተጋፉ ይጠጡበታል። እኔም ቦታውን ካዛወርንበት ከሰኔ ወዲህ ገና አሁን እፎይ አልኩ።

አንተም አትፈር፤ አጠገቡ የኖርነው እኛስ መቼ አወቅን? ብቻ ወደፊት ስትነድፍ አስቀድመህ እዚያው ቦታ ያረጀ ሰው ጠይቅ። እውቀትህን ለሰው መድኃኒት ያድርግልህ። ለአኮ ሎሚም ሁለት መስመር ጻፍላቸው፤ እኔ አነብላቸዋለሁ።

እናትህ ወሰንየለሽ