መጨረሻ የወጣችው ሴት ፎቶ

ልጄ፣ የረገጥሽበት ሁሉ ይቅናሽ፤ ክፉ አይንካሽ። ጉልበቴ ደህና ነው፤ መጠየቅሽ ስለማይቀር አስቀድሜ ነገርኩሽ። የኩሽናው ቧንቧ ተሠርቷል። የስፌት መኪናዬ ግን አሁንም ክር ትበጥሳለች።

ወንድምሽ ትናንት ልብስ ወደምሰፋበት ሱቅ መጣ። ቁጭ እንኳ አላለም።

"እማዬ፣ ከዚያ የሯጮች ቴሌግራም ግሩፕ ውጪ። ሁልጊዜ መጨረሻ ትሆኛለሽ፣ ፎቶሽን ይለጥፉታል። መሳቂያ ሆነሻል! እህቴም አፍራለች።"

"መሳቂያ ብሆንም በገዛ እግሬ ነው" አልኩት።

እውነት አፍረሻል? ይህን ሳወጣ ሳወርድ የደንበኛ ሸሚዝ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ።

ግን የግሩፑን ደንብ ሁለታችሁም አታውቁትም። አንደኛ የወጣ ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም። ስልኩን ይዞ የሩጫው ማብቂያ ላይ ይቆምና መጨረሻ የሚገባውን ሰው ፎቶ ያነሳል። ባለፈው እሑድ የጠበቀኝ የሰፈራችን ጎማ ጠጋኝ ነው። ላቡ ደርቆበት በብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ "በርቺ እትዬ! እኔ እኮ ቁርሴን አልበላሁም!" እያለ ይጮሃል። ፎቶው ላይ አፌን ከፍቼ የምታይኝ ደክሞኝ ብቻ አይደለም፤ እየሳቅኩ ነው።

አባትሽ ካረፈ ወዲህ፣ እስክመጣ ድረስ ቆሞ የጠበቀኝ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ከግሩፑ አልወጣም። የፊታችን እሑድም እሮጣለሁ፤ መጨረሻ መሆኔም አይቀርም።

በሄድሽበት ሞገስ ይስጥሽ፤ የሚያዝንልሽ ሰው አያሳጣሽ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ እሑድ ፎቶዬ ሲለጠፍ ለወንድምሽ አትደውዪለት። እዚያው ፎቶው ሥር፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው፣ "እናቴ ናት" ብለሽ ጻፊልኝ።